ስልኬ ሀብታም ያለኝ ሰሞን

መልእክቱ የመጣው የግመል ወተት እየሰፈርኩ ሳለ ነው። አንድ እጄ ጀሪካን ይዟል፣ አንዱ ጣሳ ይዟል፣ ስልኬ ደግሞ መቀነቴ ውስጥ ሆኖ ሆዴን ይኮረኩረኛል። ሰፍሬ ጨረስኩ፣ እጄን ጠረግኩ፣ መነጽሬን ቤቱን ሙሉ ፈልጌ ግንባሬ ላይ አገኘሁትና ማንበብ ጀመርኩ።

ማንበብ ስል እንደ ተማረ ሰው ፈሰስ አድርጌ አይደለም። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ከስኳር ጆንያ፣ ከሳሙና ካርቶንና ከሱቅ በር ላይ ነው። «የተጣራ ክብደት» የሚለውን ከራሴ ስም ቀድሜ ነው ማንበብ የቻልኩት። እና አንዱን ፊደል ይዤ፣ ሁለተኛውን አስከትዬ፣ አንዳንዴም የመጀመሪያውን ረስቼው ተመልሼ እየሄድኩ፣ በመሃል ከወተቱ ላይ ዝንብ እያባረርኩ፣ ይህን አነበብኩ፦ «እንኳን ደስ አለዎት! እስከ 30,000 ብር ብድር ለመውሰድ በቅድሚያ ብቁ ሆነው ተመርጠዋል።»

ተመርጠዋል!

እኔ በዕድሜዬ ተመርጬ አላውቅም። ባሌን ያገባሁት እንኳ ሽማግሌዎቹ ታላቅ እህቴን ሊያዩ መጥተው እሷ ወንዝ ወርዳ ስለነበረ ነው። ውሃ ያቀረብኩላቸው እኔ ነበርኩ። «ይችም ደህና ናት» ተባባሉና ሄዱ። በ«ይችም ደህና ናት» አርባ ዓመት ሙሉ ኖሬያለሁ፤ ነፍሱን ይማረውና ክፉ ሰው አልነበረም። ግን «እንኳን ደስ አለዎት» ብሎ የመረጠኝ፣ ያውም አንቱ ብሎ፣ ያ ስልክ የመጀመሪያው ነው።

ብሩ ለምን እንዳስፈለገኝ ልንገራችሁ። ወተት የምታመጣልኝ አንዲት ወዳጅ አለችኝ፣ የቦረና ሴት። ቤቷም ግመሎቿም እኔ ካለሁባት ከነገሌ ከተማ ራቅ ብለው ነው ያሉት። የእኛ አገር ፀሐይ ደግሞ ቀልድ አታውቅም፤ ጠዋት የታለበ ወተት ከሰዓት በኋላ ጠረኑን መለወጥ ይጀምራል። ስለዚህ ወዳጄ ዶሮ ሳይጮህ ተነስታ፣ አልባ፣ ጀሪካኗን በጀርባዋ አዝላ እስከ መኪና መንገዱ በእግሯ ትመጣና የመጀመሪያውን መኪና ትይዛለች። ያ መኪና ካመለጣት ወተቱ በግማሽ ዋጋ ይሄዳል፣ አለዚያም ይደፋል። እንዲህ ስታደርግ ብዙ ዓመቷ ነው። ከእንቅልፍ ማጣት የተነሳ ቆማ ትተኛለች። አንድ ቀን ስለ ልጆቿ እያወራችኝ «ትልቁማ...» እንዳለች ግድግዳው ላይ ተደግፋ አንኮራፋች፤ ትልቁ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

በቅርቡ ደግሞ ቁርጧን ነገረችኝ። «በቃኝ አዴ» አለች፤ አዴ የምትለኝ ለዕድሜዬ ብላ ነው። «እስከሚመጣው ዝናብ ነው። ከዚያ ወዲያ ወተቱን ጥጃዎቹ ይጠጡት፣ እኔ ልተኛ።»

ምን እላታለሁ? እሷ ካቆመች ሌሎቹም ሴቶች ይከተሏታል፤ እኔም ባዶ ጣሳ ይዤ መቅረቴ ነው።

ከቤቴ ፊት ለፊት አንድ ሱቅ አለ። ባለሱቁ ከጉራጌ አገር ወጣት ሆኖ መጥቶ ነገሌ ላይ የሸበተ ሰው ነው። ያን ሰሞን ወንድሙ ጋ ሞያሌ ሊገባ ዕቃውን እየሸጠ ነበር። ከዕቃው መሃል አንድ ትልቅ ፍሪጅ አለ፣ እንደ ሣጥን ክዳኑ ወደ ላይ የሚከፈት፣ ሰው እግሩን ዘርግቶ ቢተኛበት የሚበቃ። እሱን ባይ ባይ አልጠግብም። የማታው ወተት እዚያ ካደረ፣ ወዳጄ ከሰዓት በኋላ ማምጣት ትችላለች፤ ወተቱ ሲያድር እሷም ታድራለች ማለት ነው። ባለሱቁ ሃያ ስምንት ሺህ ብር ብሎኛል። ቅዳሜ ከሰዓት ሌላ ከተማ ያለ ገዢ መኪና ይዞ ይመጣል፤ ከዚያ በፊት ካገኘሁ የኔ ነው። መልእክቱ የመጣ ዕለት ማክሰኞ ነበር።

መንገዱን ተሻገርኩ።

«ፍሪጁ ተሸጧል» አልኩት።

«ለማን?»

«ለእኔ።»

ከሻሼ እስከ ነጠላ ጫማዬ አየኝ። «እማማ፣ ትናንት ለሳሙና ሁለት ብር ጎድሎብኛል ነገ ላምጣ ብለውኝ አልነበር?»

«ትናንት ድሃ ነበርኩ» አልኩትና ስልኩን ባንኮኒው ላይ አኖርኩለት።

አነበበው። መልሶ አነበበው። ከዚያ የራሱን ስልክ አወጣ፤ ኮከብ ነካ፣ ቁጥር ነካ፣ መሰላሏን ነካ፣ ጠበቀ። ፊቱ ቀስ እያለ ሲጠቁር አየሁት።

«ስንት አለህ?»

«ተዪው... ይተዉት።»

«ስንት አለህ?»

«ሦስት መቶ።»

«ሺህ?»

«ሦስት መቶ ብር!» አለና ባንኮኒውን መታው። «እኔ! ሠላሳ ዓመት የነገድኩ ሰው! ለእኔ ሦስት መቶ፣ ለእርስዎ ሠላሳ ሺህ! ይሄ ስልክ ጠጥቷል!»

«ቀስ ብለህ ተናገር» አልኩት። «ሀብታም ጩኸት አይወድም።»

ነገሩ እንዲህ ነው፦ እሱ ገንዘቡን የሚያኖረው በብስኩት ቆርቆሮ ነው። ስልክ ውስጥ ብር ይገባል የሚባለውን አያምንበትም፤ በየት በኩል ነው የሚገባው ይላል። ስልኩም ስለዚህ አያውቀውም። እኔ ግን የብዙ ሴቶች ወተት እሸጣለሁ። ከሴቶቹ ግማሾቹ መታወቂያ የላቸውም፣ ግማሾቹ ያሉበት ቦታ ኔትዎርክ የለም፤ ስለዚህ ሆቴሎቹም ወተት ነጋዴዎቹም የሁሉንም ሂሳብ በእኔ ስልክ ይልካሉ፣ እኔም አውጥቼ አከፋፍላለሁ። ይህን ያኔ አላሰብኩትም። ያሰብኩት ስልኩ ጥሩ ሰው መሆኔን እንዴት እንዳወቀ ብቻ ነው።

በመሃሉ ወዳጄ ባዶ ጀሪካኗን ልትወስድ እኔን ፍለጋ ሱቁ መጣች። ባለሱቁ ንዴቱ አልበረደለትምና የእሷንም ስልክ ተቀብሎ ሞከረው። «ለጊዜው ብቁ አይደሉም» አለ ስልኩ።

«ግመሎቼን ነግረኸዋል?» አለችው።

«ስልኩ ግመል አያውቅም።»

«ታዲያ ምን ያውቃል?»

«እማማን ያውቃል» አለና ሁለታችንንም ከሱቁ አስወጣን።

ሰፈር ውስጥ ወሬ በባጃጅ ነው የሚሄደው። እስከ ማታ ድረስ ሠላሳው ሺህ መቶ ሺህ ሆነ። በማግስቱ ባጃጅ ውስጥ ወጣቶች ተነስተው ጥሩውን ቦታ ለቀቁልኝ። አንዷ ጎረቤቴ በሃይማኖት ብንለያይም «ጸልዪልኝ» አለችኝ፤ የሀብታም ጸሎት ቶሎ ይደርሳል ብላ ይሆናል። እኔም ትንሽ ትንሽ ማመን ጀመርኩ። ስሄድ ቀስ እላለሁ፣ ሰው ሲጠራኝ ሁለተኛ እስኪጠራኝ አልዞርም። የሚተርፈውን ሁለት ሺህ ብር በሐሳቤ ከፋፈልኩትና ለፍሪጁ የሚለበስ ዳንቴል ቀድሜ አስያዝኩ፤ ነጭ ሆኖ ጠርዙ ላይ ጽጌረዳ ያለው። ፍሪጅ ሳይኖራት የፍሪጅ ልብስ ያላት ሴት ነገሌ ውስጥ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ለምን እንዲህ እንዳመንኩ ሳስበው፣ ዱብሉቅ የምትባል የቦረና ከተማ ያስለመደችኝ ነገር ነው። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ባሌ ጭነት መኪና እየነዳ ጥቂት ዓመት እዚያ ኖረናል። ዱብሉቅ ጥልቅ ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች አሉ፤ ሰዎች ተደርድረው ቆመው እየተቀባበሉ ነው ውሃ የሚያወጡት። ከብቱ የሚጠጣበትን ተራ የሚሰጥ አባ ሄሬጋ የሚባል ሰው አለ። ያ ሰው «ቀንሽ ሐሙስ ነው» ካለ ሐሙስ ነው። ከብትሽን ሁለት ቀን ነድተሽ ትመጫለሽ፣ ውሃሽ ይጠብቅሻል። «በቅድሚያ ሐሙስ ነው፣ ስትደርሺ ደግሞ እናያለን» የሚል አባ ሄሬጋ ቢኖር ኖሮ ከብቱ ሁሉ አልቆ ነበር። እኔም «በቅድሚያ» የምትለዋን ቃል ለማሳመር የገባች መስላኝ ዘለልኳት።

ረቡዕ ጠዋት ብሩን ልወስድ ተቀመጥኩ። ኮከቡን ነካሁ፣ ቁጥሩን ነካሁ፣ መሰላሏን ነካሁ። ስልኩ ጥያቄ ዘረዘረ። የመጀመሪያውን ቃል እንደጨረስኩ ጽሑፉ ጠፋና «ጊዜው አልፏል» አለ። ሁለተኛ ሞከርኩ፤ አሁን ሁለት ቃል አነበብኩ፣ ጠፋ። ሦስተኛው ላይ ቦታውን ስለለመድኩት በደንብ እየሄድኩ ሳለ ወዳጄ ገባች።

እዚህ አገር ሰው ሲገባ ሰላምታ አለ። አዲስ አበባ እንደሚባለው «ሰላም ነው?» ተብሎ የሚያልፍ አይደለም።

«ናጋ?» አለች።

«ናጋ» አልኩ።

«ወሪ ናጋ?» ቤተሰቡ ደህና ነው ወይ ማለቷ ነው።

«ናጋ። ጋሊ ናጋ?» ግመሎቹስ ማለቴ ነው።

ግመሎቹ ደህና ናቸው። ዝናቡስ? አልመጣም። ሣሩስ? አለ፣ ግን ደርቋል። ያቺ ያመማት ግመልስ? ቆማ መሄድ ጀምራለች። የእኔ ጉልበትስ? እንደ ግመሏ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ወደ ስልክ ማጎንበስ ነውር ነው፤ ሰው እየጠየቀሽ ሌላ ነገር ካየሽ «ደህና አትሁኚ» እንዳልሽው ይቆጠራል። ጨርሰን ስልኩን ሳነሳ «ጊዜው አልፏል» ይላል። አራተኛው ላይ ጎረቤቴ መጣች። አምስተኛው ላይ የጎረቤቴ እናት፣ እሷ ደግሞ የሞቱትንም ጭምር ነው የምትጠይቀው። ስድስተኛው፣ ሰባተኛው... እንጃ፤ ዘጠኝ ጊዜ ሞክሬ ዘጠኝ ጊዜ ተዘጋብኝ።

«ይሄ ስልክ እናት የለውም?» አለች ወዳጄ። «ሰው ሰላም እስኪባባል እንኳ አይጠብቅም?»

ሐሙስ መላ ዘየድን። ከእሷ ጋር ሆነን በሩን ገርበብ አደረግን፤ ማንም ቢመጣ፣ የፈለገው ቢመጣ፣ ላንመልስ ተማማልን። እኔ ጥያቄዎቹን ከረቡዕ ጀምሮ በቃሌ ይዣቸዋለሁ። እሷ አጠገቤ ተቀምጣ ዝንብ ታባርራለች። ጀመርኩ። አንድ አልኩ፣ ገባ። የሚቀጥለው መጣ። ሠላሳ ሺህ ብዬ ጻፍኩ፣ ዜሮዎቹን ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ።

ልክ በዚህ ሰዓት የሰፈራችን ሽማግሌ በሩን ገፋ አድርገው «ናጋ?» አሉ።

ዝም።

«ወሪ ናጋ?»

እኔ እጄን ወደ ላይ አነሳሁ፣ ቆይ ለማለት ነው። ወዳጄ ሳቋ ሊያመልጣት ስለሆነ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች፤ ትከሻዋም ይንቀጠቀጣል። ሽማግሌው አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አዩ። ከዘራቸውን ሳብ አድርገው በቀስታ ወጡ።

እዚህ አገር ሰው ለሰላምታ መልስ ካጣ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚጠረጥረው።

እኔ የሚስጥር ቁጥሬን አስገብቼ ሳልጨርስ ውጭ ኮቴ ሰማሁ። በሩ ተከፈተ። ጎረቤቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች፤ እናቷ ከኋላዋ። ከእነሱ ኋላ ሁለት ሰዎች አግዳሚ ወንበር ተሸክመው መጡ። አንዷ ደረቷን ይዛ «ወይኔ! ወይኔ!» ማለት ጀመረች፣ ማን እንደሞተ ገና ሳታውቅ። እኔ ቀና ብዬ እንዳላይ ስልኩ ይዘጋብኛል፤ ዝም እንዳልል ለቅሶው እየጋለ ነው። አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኩ፣ እነሱም ኀዘኑ የከበደኝ መስሏቸው ጨመሩበት። ባለሱቁ ሱቁን ዘግቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ ገባ።

ያን ጊዜ ስልኩ መለሰ። ፊደል በፊደል አነበብኩት፦ «ይቅርታ፤ ጥያቄዎ ተቀባይነት አላገኘም።»

ባለሱቁ ጎንበስ ብሎ በለሆሳስ «እማማ፣ ማን ነው ያረፈው?» አለኝ።

«ሠላሳ ሺህ ብር» አልኩት።

መጀመሪያ የሳቀችው ስታለቅስ የነበረችው ናት። ከዚያ ቤቱ ተደበላለቀ። ሽማግሌው ብቻ ተቆጡ፤ «ሰው ለሰላምታ ዝም የሚለው ሲሞት ነው፣ እናንተ ሴቶች!» ብለው አንድ ሰዓት ገሠጹን። ይገባናል። መጥቶ ዝም ብሎ መሄድ ስለማይሆን ለለቅሶ የመጡት ሁሉ አንድ አንድ ጣሳ ወተት ጠጥተው ሄዱ፤ ያን ዕለት ኪሳራዬ ድርብ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ብድሩን የሚሰጡት ሰዎች ቢሮ ሄድኩ። አንዲት ጥፍሯን የተቀባች፣ ትዕግሥተኛ ልጅ ተቀበለችኝ። የክት ልብሴን ነው የለበስኩት፣ ምናልባት ብድሩን የከለከለኝ ሰውዬ ዓይቶኝ ሐሳቡን ይቀይር እንደሆነ ብዬ፤ ሰውየው ግን ሰው አይደለም ኮምፒውተር ነው አለችኝ።

«መርጫለሁ ብሎኝ ነበር እኮ፣ ልጄ።»

«እማማ፣ እሱ የመጀመሪያው መልእክት በሩቁ አይቶ የሚልከው ነው። በስልክዎ የሚገባውን ገንዘብ አየ፣ ትልቅ ነጋዴ መሰሉት። ሲጠይቁት ደግሞ ቀረብ ብሎ ያያል።»

«ቀርቦ ምን አየ?»

ወደ ኮምፒውተሯ ጎንበስ አለች። «ጠዋት ይገባል፣ ማታ ሁሉም ይወጣል። አንድም ቀን አድሮ አያውቅም።»

«የሰው ነዋ! ወተት የሚያመጡልኝ ሴቶች ገንዘብ ነው፤ እኔ ጋ ለምን ያድራል? እነሱም ተኝተው አያድሩ፣ ገንዘባቸውም አያድር!»

ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች። «ደግሞ ረቡዕ ዕለት ዘጠኝ ጊዜ ገብተው ዘጠኝ ጊዜ ወጥተዋል። ስልኩ ይሄን ሲያይ ይጠራጠራል።»

እውነት ለመናገር እኔም ብሆን እጠራጠራለሁ። ዘጠኝ ጊዜ በሬን አንኳኩቶ ዘጠኝ ጊዜ የሚሮጥ ሰው ቢኖር ወተት አልሰጠውም። «ታዲያ ያ ‹እንኳን ደስ አለዎት› ውሸት ነበር?» አልኳት።

«ውሸት አይደለም። ‹ይምጡና እንይዎት› ማለት ነው። ለአንዳንዱ ሰው ይሳካለታል፣ ለአንዳንዱ አይሳካም። እስኪፈቀድ ድረስ ግን ምንም አይግዙበት።»

ዳንቴሉን አልነገርኳትም።

መንገድ ላይ ሳስበው በራሴ ሳቅኩ። እኔ ራሴ ወተት ስቀበል እንዲሁ አይደለሁ? ጀሪካኑን ከሩቅ አይቼ «ኧረ ዛሬስ ጥሩ ነው!» እላለሁ፤ ግን ጣቴን ነክሬ ሳልቀምስ አልከፍልም። ውሃ የገባበት ከሆነ «ጥሩ ነው ብለሽኝ ነበር እኮ» ብላ የምትሟገተኝ ሴት የለችም። ከመላው ነገሌ ይህ የጠፋኝ እኔ ነኝ።

ቤት ስደርስ ወዳጄ ወተቷን አስረክባ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ፣ ዓይኗ እየተከደነ ትጠብቀኛለች። ነገርኳት። ፍሪጁ ነገ እንደሚሄድም ነገርኳት።

«ፍሪጁ ስንት ነው ያልሽው?»

«ሃያ ስምንት ሺህ።»

አንድ ዓይኗን ከፈተች። «ይሄን ያህል ብቻ? እኔ ሠላሳ ሺሁ ቀብዱ ብቻ፣ የቀረው ገና የሚከፈል መስሎኝ ነበር። ለምንድን ነው እኔን ያልጠየቅሽኝ?»

እውነቱን አወጣሁት። «ስልኩ... ብቁ አይደለችም ስላለሽ።»

ይህን ስናገር ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። እሷን ማወቅ ከጀመርኩ ስንት ዓመት ሆነኝ? በድርቁ ዓመት ከልጆቿ አፍ ቀንሳ ለእኔ ወተት የላከች ሴት ናት። ግመሎቿን በዓይኔ አይቻቸዋለሁ፣ አንዷ ሻሼን በልታብኛለች። ይህን ሁሉ ትቼ ግመል በማያውቅ ስልክ ቃል አደርኩ። ስለ ራሴ የዋሸኝን ነገር ስለ እሷ አመንኩት።

እሷ ግን አልተቀየመችም። ደክሟት ስለነበረ ይሆናል። «አዴ፣ ሦስት የጎረመሱ ወንድ ግመሎች አሉኝ» አለች እያዛጋች። «እርስ በርስ ከመነካከስ ሌላ ሥራ የላቸውም።»

ቅዳሜ ጠዋት ከብት ገበያው ላይ አንዱን ሸጠችው። ከረፋዱ በኋላ ብሩን በጨርቅ ቋጥራ ሱቁ ገባች። ባለሱቁ ቋጠሮውን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሳ።

«ይሄ ከየት መጣ?»

«ስልኩ የማያውቀው ቦታ አለ» አለችው።

ቆጠረው። ለሁለተኛ ጊዜ ሊቆጥር ሲል «ሦስት መቶ ብቻ አይደለም፣ አይዞህ» ብትለው እሱ እንኳ ሳቀ። አንድ መደርደሪያም በነጻ መረቀልን፤ ሣጥን ፍሪጅ ደግሞ ምን መደርደሪያ አለው ብዬ ነበር፣ ለካ የሱቁን መደርደሪያ ኖሯል። ከሰዓት በኋላ የመጣው ገዢ ባዶ መኪናውን ይዞ ተመለሰ።

ፍሪጁ የእሷ፣ ቤቱ የኔ ሆነ። እዚህ ላይ ነው ብቁነቴ በትክክል የተመረመረው። ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ሥጋ ታስገቢበታለሽ?»

«አላስገባም።»

«ለስላሳስ?»

«አላስገባም።»

«የጎረቤትሽ እናት አንድ ነገር አስቀምጪልኝ ብትልስ?»

እዚህ ላይ ትንሽ አሰብኩ። «እምቢ እላታለሁ።»

«ዋሸሽ።»

«እሺ፣ ትንሽ ነገር ከሆነ...»

«አይሆንም!»

«አይሆንም» አልኩ።

«መብራት ሲጠፋስ?»

«እርጥብ ጆንያ አለብሰዋለሁ፣ ክዳኑን አልነካም።»

«ቀዝቃዛ መሆኑን ለማየት እንኳ?»

«ለማየት እንኳ።»

ሌላም ብዙ ጠየቀችኝ። ስልኩ ሠላሳ ሺህ ያለኝ በአንድ አፍታ ነው፤ እሷ የፍሪጁን ቁልፍ የሰጠችኝ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት የለመድኩት መኪና መጣ፤ ወዳጄ አልወረደችም። ሁለተኛው መጣ፣ የለችም። ደጅ ወጥቼ ቆምኩ። ሰኞ ማታ ያስቀመጠችውን ወተት ለሆቴሎቹ ሰጥቼ ጨርሻለሁ፣ ምንም አላማረሩም፣ እሷ ግን የት ናት? ፀሐይዋ ከፍ ካለች በኋላ ከአንድ ባጃጅ ስትወርድ አየኋት። ፊቷ አብጧል።

«ምን ሆነሽ ነው? ታመሽ ነው?»

ግራ ቀኝ አየችና፣ የሰረቀች ይመስል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ተኝቼ» አለች። «ልጆቼ የሞትኩ መስሏቸው ውሃ ረጩብኝ።»

የአዲሱን ቀን ወተት አስገባን፣ ክዳኑን ከደንን። ወዲያው መብራት ጠፋ። እርጥቡን ጆንያ አለበስኩት። ጎረቤቴ መጥታ እስኪ አንዴ ልየው፣ እጄን ላስገባ ብቻ አለች፤ ከእሷ ኋላ ሌሎችም ይመጣሉ። ወዳጄ ዘላ ክዳኑ ላይ ተቀመጠች። እኔም ጉልበቴን ይዤ፣ ወንበር ላይ ወጥቼ፣ ከጎኗ ተቀመጥኩ። መብራቱ እስኪመጣ ድረስ ቀሚሳችን ከጆንያው ረጥቦ፣ እግራችንን አንጠልጥለን ቆየን፤ ማንም አልከፈተውም። እሷ በመሃል ትከሻዬ ላይ ተኛች፣ ግን ይሄኛው እንቅልፍ የድካም አልነበረም፤ ስለጣማት ደገመችው እንጂ።